ረጅሙ ዘርፍ

ጋሼ እንግዳ ነጠላውን ጉልበታቸው ላይ ያነጥፉና ጫፉን ወደ ራሳቸው ያዞራሉ። ከተንጠለጠሉት ክሮች ጥቂቱን በአውራ ጣት ይለያሉ። ጣታቸውን እርጥብ አድርገው ክሩን ጭናቸው ላይ ወደ ፊት ያከርሩታል። ጎረቤቱንም እንዲሁ። ሁለቱን አጋጥመው ሲለቋቸው በራሳቸው ይጠማዘዛሉ፤ ጫፉ ይቋጠራል። ዘርፍ የሚቋጨው እንዲህ ነው።

ጠዋት እዚህ ባሕር ማዶ፣ ካልቨር ሲቲ ፓርኪንግ ይሠራሉ፤ ከሰዓት ፌርፋክስ፣ የሥርጉት የባህል ልብስ ሱቅ ውስጥ ናቸው። ሽሮ ሜዳ እያሉ ሸማኔ ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው አምላኩ እዚያው ቀርቶ ይሸምናል፣ እሳቸው ሥራውን እዚህ ያሸጡለታል። ጭንቀታቸው ሁሉ እሱ ሥራ እንዳይፈታ ነው።

ፋሲካ ሲቃረብ ግን ሥርጉት የፋብሪካ ነጠላ ደረደረች።

«ሰው ለማዘዝ የሚደውለው በዓሉ አፍንጫው ሥር ሲደርስ ነው ጋሼ! አምላኩ በምን ያድርስልኝ? ሶ፣ የማሽኑን ኦርደር አደረግኩ።»

«እሺ፣ የማሽን ነው ብለሽ ሽጪዋ!»

«ማን ጠየቀኝ? እርስዎስ ፓርክ የሚያደርጉትን መኪና ሁሉ ‹ይሄ ተጭሯል› ይላሉ?»

«እላለሁ! ቁልፉን ሳልቀበል ነው የምናገረው።»

ሥርጉት ሳቀች። የማሽኑ ነጠላ ግን ተሸጦ አለቀ።

ከፋሲካ በኋላ መንገደኛ የአምላኩን ዕቃ አመጣ። አንድ ነጠላ ብቻ። ጋሼ እንግዳ ሲዘረጉት ዘርፉ ክንድ ያህል ወረደ።

«ውይ ሲያምር! እናሳጥረው ወይስ እንዲሁ ይሁን?» አለች ሥርጉት።

ዘርፉን እስከ ጫፉ በጣታቸው ተከተሉት። ሸማኔ ልብሱን ቆርጦ ሲያወርድ የድሩን ጫፍ መሸመኛው ላይ ይተዋል፤ አዲሱን ድር ክር በክር የሚቀጥለው እዚያ ላይ ነው። አምላኩ ምንም አላስቀረም። ያ መቀጠያው ክር እጃቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

ለአምላኩ ደወሉ።

«ድሩን ከነሥሩ ቆረጥከው?»

«ቆረጥኩት።»

«ምነው ሳትነግረኝ?»

«ነገርኩህ እንጂ! ከገና ወዲህ ምን ልሸምን ብዬ ስጠይቅህ ትእዛዝ እስኪመጣ ጠብቅ አልከኝ። ይኸው ባንክ በር ላይ ዘበኛ ሆንኩልህ፤ አሁንማ ደሞዝ እየበላሁ እጠብቃለሁ።»

«ጉድጓዱስ?» አሉ። ሸማኔ እግሩን ከትቶ የሚሠራበትን ማለታቸው ነው። አባታቸው ነበሩ የቆፈሩት።

«ደፈንኩት። የልጆቹን አልጋ አቆምኩበት።»

ጋሼ እንግዳ ያንን ዘርፍ አልቋጩትም። ነጠላው ሱቁ መስታወት ላይ እንዳለ ተሰቅሏል፤ ዋጋውን ለሚጠይቅ «አይሸጥም» ይላሉ። ይህን ለምታነቡ ደግሞ አንድ ነገር ይለምናሉ፦

«የፋሲካ ነጠላችሁን በሐምሌ እዘዙ፤ የሠራውንም ሰው ስሙን ጠይቁ። አምላኩስ አመለጠን። ድሩን ገና ላልቆረጠው ሸማኔ ግን እባካችሁ ድረሱለት።»