የሙሽራዋ ፀጉርና ጄኔሬተሩ

ሮቤ ገበያ አጠገብ ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት አለችኝ። አምና በጥር፣ ሰርግ በበዛበት ሰሞን፣ አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር ከሲናና በጠዋት መጣች። ፀጉሯን አጥቤ፣ ግራውን በፎን አድርቄ ወደ ቀኙ ስዞር መብራት ሄደ።

ጄኔሬተሩን በረንዳ ላይ አውጥቼ ገመዱን ሳብኩ። ዝም። ደግሜ ሳብኩት፤ ትንሽ አጉረመረመና ጠፋ። ከጎኔ ሱቅ ያላቸው አዛውንት፣ ሰፈሩ ሁሉ ሀጂ የሚላቸው፣ ድምፁን ሰምተው መጡ።

«ቤንዚን አለው?»

«ትናንት ነው የሞላሁት፣ ሀጂ።»

«እስቲ ክፈቺው።»

ከፈትኩት፤ ሙሉ ነው። «ቢስሚላህ» ብለው ገመዱን ሲስቡት ወዲያው ተነሳ። ደስ ብሎኝ የቤንዚኑን ክዳን ገጠምኩና ወደ ሙሽራዋ ሮጥኩ። አንድ ጭብጥ ፀጉር እንኳ ሳላደርቅ ሞተሩ ጠፋ።

ሀጂ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ነው አሉ። ፈትተው በሽርጣቸው ጫፍ ጠርገው መለሱት። ቤንዚኑ ውሃ እንዳለውም ለማየት ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት። ሳቡት፤ ተነሳ። ዘጋነው፤ ትንሽ ሠርቶ ቆመ። ካንዴላው ቆሽሾ ከነበረ አሁን ለምን ይቆማል? ቤንዚኑ መጥፎ ከሆነ ደግሞ ለምን ይነሳል? ምንም አልገባኝም። ሀጂም ፂማቸውን ያሻሹ ጀመር።

የእናትየው ስልክ ጮኸ። የሙሽራው ሰርገኛ ከጎባ ተነስቷል። ወደ ሲናና የሚሄደው ደግሞ በኛው በር ነው።

«ከልጄ ቀድመው ቤት ሊገቡ ነው» አለች እናትየው።

ሙሽራዋ ከውስጥ ሆና ስታየን ነበር። ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች በረንዳው ድረስ መጣች። «ክፍት ሲሆን ነው የሚሠራው» አለች። «ስትዘጉት ይጠፋል።»

«ክዳን ከሞተር ጋር ምን አገናኘው?» አሉ ሀጂ። እኔም አላመንኳትም። ግን ሌላ የምሞክረው ስላልነበረኝ ክዳኑን ሳላጠብቅ ተውኩት። ሞተሩ ተነሳ፤ አልቆመም።

ሰርገኛው ጥሩንባ እየነፋ በደጃችን ሲያልፍ ሙሽራዋ መስተዋቴ ፊት ተቀምጣለች። እናትየው በስልክ «በር ላይ አቆዩልኝ፣ እንዳታስገቡ!» ትላለች። እየተጣደፍኩ ጨረስኩላትና በባጃጅ ተከትለዋቸው ሄዱ። ሙሽራዋ በጓሮ በር እንደገባችና ሙሽራው ውጪ ቆሞ ሲዘፈንበት እንደነበር እናትየው ኋላ ደውላ እየሳቀች ነገረችኝ።

በማግስቱ ክዳኑን ሳገላብጥ መሃሉ ላይ በአቧራ የተደፈነች ቀዳዳ አገኘሁና በመርፌ ከፈትኳት። ለካ ቤንዚኑ እንዲወርድ አየር የሚገባው በሷ ነው። ከዚያ ወዲህ ተዘግቶም ይሠራል። ሀጂ ግን ካንዴላውን ስላፀዱት ነው ይላሉ። አንዳንድ ብርዳም ጠዋት፣ ቀዳዳዋ ክፍት ሆና ሞተሩ አልነሳ ሲለኝ፣ ማንኛችንን እንደማምን አላውቅም።