የዓርቡ አጠባ

ዛሬ መገናኛ አካባቢ ስለ አመራር ስልጠና ልሰጥ ደረጃ ስወጣ የበረኪና ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ወዲያው ከየካ በላይ፣ እንጦጦ ሥር፣ ባሕር ዛፍ መሐል ያለችው የሚስዮን ትምህርት ቤታችን ታወሰችኝ።

እዚያ ዓርብ ዓርብ መጸዳጃ ቤቱን የሚያጥበው የክፍል አለቃው ነበር። «አለቃ ቀድሞ ይጎነበሳል» ይሉ ነበር ርዕሰ መምህራችን፣ ጡረታ የረሳቸው ሽማግሌ። እኔ ግን የታየኝ ሹመቱ ብቻ ነው፤ ምረጡኝ እያልኩ ያደልኩት ቆሎ መጋዘን ይሞላል።

ተመረጥኩ። ዓርብ ሲደርስ እግሬን ወለም አለኝ ብዬ አነከስኩ፤ ጩኸቴ ኮተቤ ድረስ ተሰምቷል።

«አይዞህ ልጄ፣ አንተ አረፍ በል» አሉኝና ኮታቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡ። እሳቸው ወለሉን ሲፈትጉ እኔ ኳስ ሜዳ ነበርኩ። ጎል አግብቼ ስጨፍር ዞር ብል፣ ባልዲ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

አንገቴን ደፍቼ ቀረብኩ።

«እግርህ ተሻለህ?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ተመስገን! ሰግቼ ነበር እኮ። በል፣ የሚቀጥለውን ዓርብ አብረን እናጥባለን፤ ለብቻ ሲሆን ወገብ ያማል።»

ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ታሪክ በየስልጠናው እተርከዋለሁ። በእኔ አተራረክ ግን የታመሙት እሳቸው ናቸው፤ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ስጨርስ አንዲት ወጣት ሠልጣኝ እንባዋን እየጠረገች፣ «ጋሼ፣ ለካ ትሕትናዎ ከልጅነትዎ ጀምሮ ነው» አለችኝ።

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የወጣው «አመሰግናለሁ» ነው።