ጥርሱ የነበረበት ቀዳዳ

አያቴ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ውጭ ካለ በር አያስቀረቅሩም ነበር። "ይመጣል፣ ተዉት" ይሉናል። እሳቸው ካረፉ ወዲህ በራችን ገና ሳይመሽ ይቀረቀራል።

የግቢያችንን ካብ የካቡት በእጃቸው ነው። ከጀማ ሸለቆ በአህያ ካስመጡት የኖራ ድንጋይ በአንዱ ላይ ጥቁር ጥርስ ተጣብቆ አገኙ። የጅብ ጥርስ መሰላቸው። ጅብ አይቶት ከበጎቹ እንዲርቅ ብለው ፊቱን ወደ ውጭ አድርገው ካቡት።

አምና ስለ ድንጋይ የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ መርሐቤቴ መጣ። ጥርሱን አየና፣ ሻርክ የሚመስል፣ ዘሩ የጠፋ፣ ሂቦደስ የሚባል ዓሣ ጥርስ ነው፤ ይህ አገር ድሮ ባሕር ነበር አላቸው። አያቴ ሳቁ።

"ይኸን ሁሉ ዘመን በዓሣ ነዋ ስጠበቅ የኖርኩት" አሉ።

ተማሪው ወስጄ ልመርምረው ብሎ ሲለምናቸው ድንጋዩን ራሳቸው ነቅለው ሰጡት። ቀዳዳውን ግን አላስደፈኑም። "ሲመለስ የት ይግባ?" አሉን።

ሰሞኑን ለዐርባቸው ግቢውን ስናሰናዳ አጎቴ ቀዳዳውን ሊደፍን ድንጋይ አነሳ።

"ይመጣል፣ ተወው" አልኩት። "ተማሪው ደውሎ ነበር። የአባባን ማረፍ ስነግረው አለቀሰ። ድንጋዩን ለዐርባቸው ይዤ እመጣለሁ ብሏል።"

አጎቴ የያዘውን ድንጋይ አስቀመጠና ቀዳዳውን በእጁ ጠራረገው።

"እንግዲያው ፊቱ ወደ ውጭ ይሁን" አለኝ። "ጅቦቹ ዓሣ መሆኑን አልሰሙም።"