በእስር ቤት የተከፈተው የጊዮርጊስ ጽዋ

ያሰሩን አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ፣ ከወረዳው ግቢ ጓሮ ባለች አንዲት የድንጋይ ቤት ውስጥ ነበር። ቤቷ ቀድሞ የግብር እህል ማከማቻ ነበረች። ገና ደፉን እንደተሻገርኩ የነቀዝ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና አስነጠሰኝ። ከኋላዬ የገባውም አስነጠሰ። ከእሱ ኋላ የነበሩትም ተከታተሉ። በሩን ይዞ የቆመው ፖሊስ የመጀመሪያዎቻችንን “ይማርህ፣ ይማርህ” ብሎ ነበር፤ ማስነጠሱ አላልቅ ሲለው ተወው። የእስር ዘመኔ እንዲህ በማስነጠስ ነው የተጀመረው።

ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግድግዳው ሥር ገለባ ተበትኖ አየሁ። ከፍ ብላ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። በእግር ጣት ቆሞ ለሚያይባት ሰው የገበያው ሜዳ ግማሹ ይታያል፤ ድምፁ ግን ሙሉ በሙሉ ይሰማል። ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ ገለባውን ዘግነው አሸተቱና “ይኼ የኛው ገብስ ነው” አሉ። “እህላችን ቀድሞን ገብቶ ነበር፤ አሁን እኛ ተከተልነው።” ሳቅን። ፖሊሱም ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጃንሆይ ጊዜ አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር የታወጀ ሰሞን ገማቾች ወደ አገራችን መጡ። ወሩ መስከረም ነው፤ ገብሱ ለምልሞ ዓይን ያጠግባል። ገማቾቹ ከበቅሏቸው እንኳ ሳይወርዱ፣ ከጋራው ላይ ሆነው ማሳችንን አየት አየት አድርገው ይህን ያህል ታገኛላችሁ፣ ይህን ያህል ትከፍላላችሁ ብለው ሄዱ። ጥቅምት ሲገባ ውርጭ መጣና ገብሱን አቃጠለው። በገማቾቹ ዓይን ግን ገብሳችን አሁንም ለምለም ነበር።

ግብር አንከፍልም አላልንም። ሰው ይህን ሲስተው ዛሬም እናደዳለሁ። ያልነው፣ ገማቹ እህሉ ሲወቃ ይምጣ፣ አውድማችን ላይ ቆሞ አይቶ ይገምት ነው። ይህንኑ ለመናገር ከደብራችን ተነስተን ወረዳው ግቢ ሄደን “አቤት!” አልን። የወረዳው ገዥ ከሌላ አገር የመጣ፣ ከሰላምታው ቁጣው የሚቀድም ሰው ነበር። “ሕዝብ ታሳምፃላችሁ” ብሎ ፊት ለፊት የቆምነውን ለይቶ አሳሰረን።

እንግዳ በመሆኑ ያላወቀው ነገር ነበር። እነዚያ ፊት ለፊት የቆሙት፣ ከአንድ ሰው በቀር፣ የአንድ ጽዋ ማኅበር ሰዎች ናቸው። በየወሩ በጊዮርጊስ ቀን ከየሸንተረሩ ተጠራርተን በተረኛው ቤት እንሰበሰባለን፤ ቄስ ጽዋውን ይባርካሉ፤ ጠጥተን፣ ዳቦ ቆርሰን፣ የአገሩን ነገር አውርተን እንለያያለን። አቤቱታውም የተጠነሰሰው እዚያው ነው። በወር አንድ ቀን እንኳ ዝናብና ወንዝ እየያዘው የሚቀር ሰው ሁሉ፣ አሁን በመንግሥት ትእዛዝ ከጧት እስከ ማታ አንድ ቤት ተቀመጠ። የማኅበራችን ሙሴ፣ አለቃችን ማለት ነው፣ “እንዲህ የሞላ ማኅበር አይቼ አላውቅም” እያሉ ይስቁ ነበር። ሙሴው ጥርሳቸው ቢጎድልም ሳቃቸው ያልጎደለ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ።

ያ ከማኅበሩ ውጪ የሆነው አንድ ሰው ቀድሞ የኛው ነበር። እሱና ሙሴው አበልጆች ናቸው፤ ልጁን ክርስትና ያነሱለት ሙሴው ናቸው። ሁለቱም ያላቸው አንድ አንድ በሬ ስለነበር ቅንጃ ገብተው፣ በሬዎቻቸውን አንድ ላይ እየጠመዱ በየተራ ያርሱ ነበር። አንድ ክረምት በሙሴው ተራ የሰውየው በሬ ገደል ገባ። ሙሴው ምትክ በሬ ሰጡት። ሰውየው በሬውን ተቀበለና ሰላምታውን ነሳቸው፤ ማኅበሩንም ትቶ ወጣ። እኔ በልቤ ኩርፈኛው እለው ነበር። በግብሩ ጉዳይ ግን ከሁላችንም በላይ የጮኸው እሱ ስለነበር ከኛው ጋር ታሰረ። ሙሴው በአንዱ ጥግ፣ እሱ በሌላው። ሙሴው ሲቀልዱ እኛ በሳቅ ስንንፈራፈር፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን ከጀርባው አየዋለሁ።

ገዥው ይህን ኩርፊያ ከማን እንደሰማ እንጃ፣ ሰማ። አንድ ረቡዕ ኩርፈኛውን ብቻውን አስጠራው። ሲመለስ ከጥጉ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ነገሩን የነገረን በር ጠባቂው ፖሊስ ነው። ገዥው “አርብ ዕለት ገበያው ሞልቶ ሳለ ውጣና፣ ግምቱ ትክክል ነው፣ ተቀብለነዋል በል፤ ከዚያ ቀጥታ ቤትህ ትገባለህ” ብሎታል።

አንድ ሰው ይበቃው ነበር። ከእኛ አንዱ በገበያ መካከል ቆሞ ተቀብለናል ካለ፣ አቤቱታችን ያን ዕለት አለቀለት። ደብሩ በሙሉ ውርጭ ለበላው እህል ግብር ሊከፍል ነው። ይኼ ማለት ደግሞ በሬ መሸጥ ነው። በሬውን የሸጠ ገበሬ ለከርሞ በምን ያርሳል? ፈራሁ። ወደ ሙሴው ተጠግቼ፣ “አንቱ ያናግሩት እንጂ፣ አበልጅዎ አይደል?” አልኳቸው።

“ስንት ጊዜ ሽማግሌ ሰደድኩበት መሰለህ” አሉኝ። “ሽማግሌ ከደጅ ሲመጣ ባየ ቁጥር በጓሮ ነው የሚወጣ።”

ማግስቱ ሐሙስ፣ የጥቅምት ጊዮርጊስ ነበር። ተረኛው ደግሞ እኔ ነኝ። አባቴ ሲሞቱ በቦታቸው ማኅበሩን ገብቼ፣ ጎጆ ከወጣሁም ዓመት ሳይሞላኝ፣ የመጀመሪያ ተራዬ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ሲያስሩኝ በጣም ያዘንኩት ለዚህ ነው። የአባቱን ጽዋ አሳለፈ ልባል ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ፀሐይዋ ከአናት ስትደርስ ከደጅ አህያ ጮኸ። ቀጥሎ የሴቶች ድምፅ፤ ከሁሉም ጎልቶ የሚስቴ። በመስኮቷ አሻግሬ አየሁ። ሚስቴ የጎረቤት ሴቶችን አስከትላ፣ ጠላውን በእንስራ፣ ዳቦውን በአገልግል ይዛ ቆማለች። የማኅበሩ ቄስም ጥላቸውን ይዘው አሉ። የጥበቃው ሃምሳ አለቃ በሩ ላይ ተገትሯል።

“እስረኛ ድግስ አይደግስም” አላት።

“ድግሱ የጊዮርጊስ ነው” አለች። “ጽዋው ተረኛው ካለበት ነው የሚሄድ። ተረኛውን እዚህ ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኔማ ቤቴን ጠርጌ ነበር።”

“ገዥው ቢሰማሳ?”

“ጊዮርጊስስ ቢሰማ?”

ሃምሳ አለቃው ወደ ገዥው ቤት አየ፣ ወደ ሰማይ አየ፣ ከዚያ በሩን ከፈተ። ቄሱን፣ እንስራውንና አገልግሉን አስገብቶ ሴቶቹን ከደጅ አስቀረ። “ቶሎ ጨርሱ” ብሎ መልሶ ቆለፈ። ሚስቴ በመስኮቷ ሥር መጥታ “ያጎደልኩት አለ?” ስትለኝ፣ “አንዳች አላጎደልሽም” አልኳት።

ቄሱ ጸሎቱን አደረሱ። ጽዋውን ከመባረካቸው በፊት በማኅበራችን ደንብ የሚጠየቀውን ጠየቁ፦

“ከዚህ ቤት ውስጥ የተቀያየመ አለ?”

ደንቡ ግልጽ ነው። የተቀያየመ ካለ ወይ ይታረቃል፣ ወይ ተነስቶ ይወጣል። ሁለቱም ካልሆነ ጽዋው አይከፈትም። ኩርፈኛው ከጥጉ ተነሳ።

“እኔ የማኅበሩ ሰው አይደለሁም። ልውጣላችሁና ጠጡ” አለና በሩን አንኳኳ።

“ማነው?” አለ ሃምሳ አለቃው ከውጭ።

“እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ልውጣ፤ ጽዋው ሲያበቃ እመለሳለሁ።”

“ያለ ትእዛዝ እስረኛ አላስወጣም።”

“አልጠፋም እኮ! እዚሁ ደጁ ላይ ልቀመጥ ነው።”

“ጠላ ማስገባቴ አንሶ አሁን ደግሞ ሰው ላስወጣ? ተቀመጥ!”

ከወዲያ ጥግ አንድ ሰው ሳቁን ለማፈን ሲታገል ይሰማል። ቄሱ ግን ፊታቸውን አላፈቱም። “እንግዲህ ልጄ፣ በሩን እኔ አልቆለፍኩት” አሉ። “ከቤቱ ውስጥ ነህ። ከቤቱ ውስጥ እስካለህ ጥያቄዬ አንተንም ይመለከታል።”

ኩርፈኛው ቀና ብሎ መስኮቷን አየ። ድመት እንኳ አታሾልክም። ይኼኔ ሙሴው መታገስ አቃታቸው።

“አበልጄ” አሉ፣ “ይኼ ቤት ጓሮ እንኳ የለው!”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኩርፈኛው እንደልማዱ ወደ ግድግዳው ሊዞር ነበር፤ አልሆነለትም። ሆዱን ይዞ እየሳቀ ቁጭ አለ፤ ሲስቅ ሲስቅ ዕንባው በጢሙ ላይ ወረደ። ሙሴው ሳቁ እስኪበርድ አልጠበቁም። ለመቀመጫ የምናደርገውን ድንጋይ አነሱና አንገታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉለት፤ በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲህ ነው።

“በሬህ የሞተው በእጄ ነው። ምትኩን ሰጠሁህ እንጂ ይቅር በለኝ አላልኩህም። አሁን እላለሁ።”

“ኧረ በጊዮርጊስ ያስቀምጡት!” ብሎ ኩርፈኛው ዘለለና ድንጋዩን ቀማቸው። ቀምቶም አላስቀመጠውም፤ የራሱ አንገት ላይ አደረገው። “ገዥው ያለኝን ሰምታችኋል። እሺ ብዬው ነው የመጣሁ። እናንተ ስትስቁ እኔ ብቻዬን ተቀምጬ፣ የማን ሰው ነኝ ብዬ፣ ለማን ብዬ ልታሰር ብዬ... ይቅር በሉኝ።”

ማን ቀድሞ ይቅር እንዳለው አላስታውስም። ሁላችንም ተነስተን ነበር። ሙሴው ትከሻውን ደጋግመው ሳሙት። ቄሱ “እግዚአብሔር ይቅር ይበላችሁ” ብለው ጽዋውን ባረኩ፤ እኔ ተረኛው ቆሜ ቀዳሁ። ለሃምሳ አለቃውም በበሩ ክፍተት አንድ ዋንጫ ደረሰው። ጀርባውን ለገዥው ቤት ሰጥቶ ጠጣው። ቄሱ “ቀጣዩን ወር ማን ይረከባል?” ሲሉ ኩርፈኛው እጁን ዘረጋ።

“እኔ ልረከብ። የት እንደምደግስ አላውቅ እንጂ እደግሳለሁ።”

ሴቶቹ ከደጅ እልል አሉ።

አርብ ገበያው ሲሞላ መጥተው ወሰዱት። ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። ሙሴውን ቁመታቸው ስለሚበልጥ መስኮቷ ላይ አቆምናቸው፤ እኛ ጆሯችንን ተከልን። የበጉ ጩኸት፣ የጨው ሻጮች ጥሪ፣ የገዢና የሻጭ ጭቅጭቅ ይሰማል። ከዚያ “ጸጥ በሉ!” ተባለ። ሜዳው ጸጥ ሲል የኩርፈኛው ድምፅ መጣ።

“የአገሬ ሰዎች! ግምቱ ትክክል ነው፣ ተቀብለነዋል በል ተብያለሁ!”

ሙሴው መስኮቷን እንደያዙ አልተነቃነቁም።

“ትክክል መሆኑን ግን እኔ አላየሁም! ገማቹም አላየ! ይምጣና አውድማዬ ላይ ይቁም! ሲወቃ ይይ! ያን ጊዜ የሚገባኝን ግብር በገዛ እጄ እሰጣለሁ! አልከፍልም ያለ የለም፤ አይታችሁ ገምቱ ነው ያልን!”

ቀጥሎ ከጨው ተራ በኩል አንዲት ሴት እልል አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ከዚያ ገበያው በሙሉ። ሙሴው ከመስኮቷ ወርደው፣ ያን ሁሉ ዕድሜ ይዘው፣ ገለባው ላይ ትከሻቸውን እየሰበቁ “ቅንጃዬ! ቅንጃዬ ነው ያ!” እያሉ ዘለሉ። አቧራው ተነሳና እንደ መጀመሪያው ቀን ሁላችንም በማስነጠስ ተያዝን፤ እያስነጠስን እንስቃለን፣ እየሳቅን እናለቅሳለን።

መልሰው ሲያመጡት ጋቢው መሬት እየተጎተተ ነበር። አንዱ ፖሊስ በሩ ላይ ሲደርሱ ሊገፈትረው ማጅራቱን ያዘው። ኩርፈኛው ቆመ።

“ተው ልጄ፣ አትግፋኝ” አለው በቀስታ። “ቤቴን አውቀዋለሁ።”

ፖሊሱ እጁን ሰበሰበ። ኩርፈኛው ጋቢውን አራግፎ አጣፋ፣ ለዝቅተኛዋ በር ጎንበስ አለና በገዛ እግሩ ገባ። ሙሴው ከጥጋቸው ፈቀቅ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁለት።

ገበያው ሁሉ ያንኑ አቤቱታ ይዞ ስለተነሳ፣ በኅዳር መጨረሻ ሁላችንንም ፈቱን። በታኅሣሥ ገማቾቹ መጡ፤ በቅሏቸውን አስረው አውድማችን ላይ ቆመው አዩ። ባዩት ገመቱ፣ ከፈልን። በዚያ ዓመት ከደብራችን ለግብር በሬ የሸጠ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ንፋስ መውጫ ከተማ ከልጄ ጋር ነው የምኖረው። ታስሬ ነበር ስል ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ ስቃይ እንድነግረው ይጠብቃል። ብርድ ነበር፣ ቁንጫ ነበር፣ አልክድም። እኔ ግን እስር ሲባል ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣብኝ የኅዳሩ ጊዮርጊስ ነው። ልንፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረን፣ ኩርፈኛው ተራውን እዚያው ደገሰ። ሃምሳ አለቃው ቄሱን ካስገባ በኋላ በሩን ሳይቆልፈው፣ ወለል አድርጎ ከፍቶ ተወውና እሱም ገብቶ ተቀመጠ። ቄሱ እንደ ደንቡ፣ የተቀያየመ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። በሩ እስኪመሽ ክፍት ነበር፤ ከእኛ አንድም ሰው አልወጣም።