ወደ ብርቄ የተቀሰረው ጣቴ

ዛሬ ተማሪዎቼ ከጣና ዳር ባመጣነው ጭቃ የተረት እንስሳት ሲሠሩ፣ ክፍሉን የእርጥብ ሸክላ ሽታ ሞላው። የብርቄ ቀሚስ እንዲህ ይሸት ነበር።

ብርቄ የሰፈራችን ሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። ሁለተኛ ክፍል ሳለን አጠገቤ ነበር የምትቀመጠው፤ ቆሎዬንም አብረን ነበር የምንቆረጥመው። እናቴ ይህን የሰማች ዕለት፣ «ከእሷ ፊት እህል እንዳትቀምሺ! እነሱ ሲመሽ ሌላ ናቸው» አለችኝ። ሌላ ምን እንደሆኑ አልነገረችኝም።

በማግስቱ መምህራችን በተረት ውስጥ ማን ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው ይጠይቁን ጀመር።

«ብልጧ ማን ናት?»

«ጦጣ!»

«ሆዳሙስ?»

«ጅብ!»

«ጎበዞች! አሁን ተረቱን እንጫወተው። ጅብ ማን ይሁን?»

ማንም እጁን አላወጣም። ልጁ ሁሉ ጣቱን ወደ ብርቄ ቀሰረ። ለካ እናቴ «ሌላ» ያለችው ጅብ ነው! ክው አልሁ። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን የራሴ ጣት ነው፤ ከሁሉም ቀርቦ፣ ትከሻዋን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

መምህሩ ሳቁ። ብርቄ የሌሎቹን ጣት ዞራም አላየች። እኔን ብቻ አየችኝና በቀስታ፣ «ትናንት ቆሎ አብረን በልተናል። አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

ጣቴን ግን ወዲያው አላጠፍሁትም።

«መምህርት፣ ጅብ ማን ይሁን?» ይላሉ ዛሬ ተማሪዎቼ፣ እጃቸው ጭቃ እንደሆነ።

አንድም ጣት ሳይቀሰር፣ «እኔ!» አልሁ።