ብርቱ ምስጢር የተባለችው ልጄ

አሥር አለቃው ፖስታውን ገልብጦ ቀዩን ማኅተም ሲያይ ከድንጋዩ ላይ ብድግ አለ። እስከዚያ ድረስ ፍርሃቴ አንድ ብቻ ነበር፤ ያዘልኳት ልጄ ትሞትብኛለች የሚል። እሱ ሲነሳ ሁለት ሆነ።

ከሮቤ ወደ ጎባ በጋሪ ስንሄድ ነው፣ ኬላው ላይ። ያኔ በቆላው በኩል ሽፍታ በዝቷል እየተባለ መንገደኛ ሁሉ ይፈተሽ ነበር፤ የእህል ከረጢት፣ የማር ቅል፣ የሴት መቀነት ሳይቀር። እኔም የመንግሥት ወረቀት ያስከብረኛል ብዬ በመቀነቴ የያዝኩትን ራሴ አውጥቼ ሰጠሁ።

"ማነው ይሄን የሰጠሽ?"

"መሥሪያ ቤቱ ነው ጌታዬ።"

"እዚያ ምንድን ነሽ?"

"ሻይ አፈላለሁ። ጠዋት ጠዋት እጠርጋለሁ።"

አጠገቡ ወደቆመው ፖሊስ ዞረ። "ሻይ የምታፈላ ሴትዮ ብርቱ ምስጢር በመቀነቷ ይዛ ትዞራለች። ሰማህ?"

የማኅተሙን ነገር ልንገራችሁ። ከመሥሪያ ቤት የሚወጣ ወረቀት ሁሉ እንደ ደረጃው "ተራ"፣ "ምስጢር" ወይም "ብርቱ ምስጢር" ተብሎ ይታተም የሚል ትእዛዝ ከጎባ መጥቶ ነበር። ሦስቱም ማኅተሞች ለጸሐፊያችን ተሰጡ። ጸሐፊያችን ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ፈሪ ነው፤ ፈሪ ስል ከእኔም የባሰ። "ተራ ብዬ አትሜ ምስጢር ሆኖ ቢገኝ እታሰራለሁ። ብርቱ ምስጢር ብዬ ተራ ሆኖ ቢገኝ ማን ይከሰኛል?" ይል ነበር። በዚህ የተነሳ "ተራ" የሚለው ማኅተም ቀለም ሳይነካው ቀረ። የስኳር መጠየቂያው ምስጢር ሆነ። የመጥረጊያ መጠየቂያው ብርቱ ምስጢር ሆነ፤ መጥረጊያውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ ወረቀቱን እንዳላይ የተከለከልኩትም እኔ። መሥሪያ ቤቱ ለበዓል እንደሚዘጋ የሚናገረው ማስታወቂያ ደግሞ ምስጢር ስለተባለ ጽሑፉ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተለጠፈ። በበዓሉ ቀን ግማሹ ሠራተኛ መጥቶ የተዘጋ በር ሲጠብቅ ዋለ።

ልጄን ጎኗን ውግት አድርጎ ይዟት ትንፋሿ ሲያጥር፣ ሆስፒታሉ እንዲቀበለን ጸሐፊውን ደብዳቤ ለመንኩት። ወዲያው ጻፈልኝ፣ በሰም አሸገው፣ እጁ እንደለመደው ቀዩን የብርቱ ምስጢር ማኅተም መታበት። ትምህርቴ ፊደል ለቅሞ ከማንበብ ባያልፍም ማኅተሙን አይቼዋለሁ። እኛ ዘንድ ሁሉም ወረቀት እንደዚያ ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም።

ኬላው ላይ ግን ትልቅ ነገር ሆነ። "ክፈቱትና እዩት፣ ስለ ልጄ ነው..." ብዬ ስጀምር አሥር አለቃው በሁለት እጁ ጆሮውን ደፈነ።

"ዝም በይ! ውስጡን ከነገርሽኝ እኔም አብሬሽ ወህኒ እገባለሁ! ለኔ የተፈቀደልኝ ላዩን ማንበብ ነው።"

"እንግዲያው ልለፍ። ትንፋሿ እኮ..."

"ወዴት ነው የምታልፊው?"

ሌላው ፖሊስ የዚያው አገር ልጅ ነው። "ሃዳ ኮ፣ ሂን ሶዳቲን" አለኝ፤ እናቴ፣ አትፍሪ ማለቱ ነው። ጠመንጃውን ግን አላወረደም። ባለጋሪው ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ፈረሱን መልሶ ሄደ። ልጄ በጆሮዬ፣ "እማዬ፣ ሌባ ነሽ እንዴ?" አለችኝ።

አሥር አለቃው ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና ደንቡ ትዝ አለው። ብርቱ ምስጢር በጋሪ አይጓዝም። በመኪና፣ በታጠቀ ጥበቃ፣ ከያዘው ሰው ሳይለይ ላዩ ላይ ለተጻፈው ባለቤቱ በእጅ መድረስ አለበት። ስንዴ የጫነ ካሚዮን አስቆመና የሾፌሩን ረዳት ከስንዴው ላይ ሰቀለው።

"ይግቡ እመቤቴ" አለኝ፣ ፖስታውን መልሶ እየሰጠኝ። "ወረቀቷን ግን በሁለት እጅ ይያዟት።"

እሱም ጠመንጃውን ይዞ ከጎኔ ገባ። አክብሮቱ ይበልጥ አስፈራኝ። ሰውን እንደዚህ አክብረው የሚወስዱት ወህኒ ነው ብዬ ደመደምኩ። አባቷ ሞቷል፤ እኔ ስገባ እሷን ማን ያሳክምልኛል? ጭኔ ላይ ሆና ደረቷ ሲያፏጭ እሰማለሁ። ማፏጨቱን ሲያቆም ደግሞ ይብሳል፤ ቀስቅሼ አናግራታለሁ።

ካሚዮኑ የቆመው ሆስፒታሉ ግቢ ነው። ከጊኒርም ከሪራም የመጣው በሽተኛ ተሰልፏል። አሥር አለቃው "ዞር በሉ! ብርቱ ምስጢር ነው!" እያለ ሰልፉን ከፈለው።

"እሱ ደግሞ ምን ዓይነት በሽታ ነው?" አለች አንዲት ሴት፤ ልጆቿን ሰብስባ ሸሸች።

ሐኪሙ ሰሙን ሰብሮ አነበበ። ገልብጦም ጀርባውን አየ። አሥር አለቃው ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

"ምስጢሩ የታለ?"

"እኔ አልሰማሁም ጌታዬ!"

"ልጅ ታማለች ነው እኮ የሚለው።"

"አልሰማሁም አልኩ!"

ሐኪሙ ከት ብሎ ሳቀ። ማዳመጫውን ልጄ ደረት ላይ ሲያደርግ ግን ሳቁን ተወው። "የሳንባ ምች ነው" አለኝ። "ሰልፍ ጠብቀሽ ቢሆን ነገ ነበር የሚደርስሽ። እሷ ደግሞ ለነገ አትደርስም ነበር።"

መርፌ ወጓት፣ አልጋ ሰጧት። አሥር አለቃው ምስጢሩን ማስረከቡን አስፈረመ፣ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ትኩሳቷ ረገብ ብሎ ውሃ ጠየቀችኝ። አጠጣኋት። በሩን አየሁ፤ ሊይዘኝ የመጣ የለም። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅሁ።

"ደርሰናል" አልኳት። "አንቺም ተርፈሻል፣ እኔም አልታሰርኩም። ደህና ነን።"