ሰርፕራይዝ አለሽ

ሸምሲያ ሰው አታምንም። ስንት ዓመት ጓደኛዋ ሆኜ እኔን እንኳ አታምነኝም፤ እኔ ያለሁበት ሰፈር ሩዊ መጥታ ሻይ ስጋብዛት ምን ልትጠይቂኝ ነው ትላለች። አልፈርድባትም። አል ሀይል የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ ዕድሜዋን የጨረሰችው፣ ታናሽ እህቷ ኢስራ እዚያ አገር ቤት ደሴ ላይ ነርስነት ተምራ እንድትመረቅ ነው። «እሷ ዓረብ አገርን በካርታ ብቻ ትወቀው» ትላለች ሁልጊዜ። ሌላ ምኞት የላትም።

ባለፈው ሐሙስ ማዳሟ ነገ ደህና ልብስሽን ልበሺ፣ ሰርፕራይዝ አለሽ አለቻት። ሸምሲያ ወዲያው ደወለችልኝ። ቃሉን ከቤቱ ልጆች ሰምታዋለች፤ ልደት ሲሆን ኬኩን ደብቀው ሰርፕራይዝ ይላሉ። እኛን ግን ምን አግብቶን?

ቢሮ ስለማጸዳ እንግሊዝኛ የማውቅ ይመስላታል። ሳይነግሩሽ የሚያደርጉልሽ ነገር ነው አልኳት።

«የሚያደርጉልኝ ነው የሚያደርጉብኝ?»

እሱን ቃሉ አይናገርም አልኳት። አፌን በቆረጠው፣ ደግሞ የአንዲት ያገራችንን ልጅ ነገር አነሳሁባት፤ አሠሪዎቿ ባሕር እናሳይሽ ብለው ወስደው ወደ አገር ቤት አውሮፕላን ላይ የጫኗትን።

ከዚያ በኋላ ምን እንቅልፍ አላት? ማዳም ስትስቅላት ጠረጠረች፣ ልጆቹ ሲንሾካሾኩ ጠረጠረች። ኢስራ ጋ ብትደውል አታነሳም፤ ይሄንንም ጠረጠረች። ልብሷን በፌስታል ቋጠረች። ከተባረርኩ የልጅቷ ትምህርት ኻላስ፣ አበቃለት አለችኝ እያለቀሰች።

አርብ ከሰዓት መኪናው በእርግጥም ወደ ኤርፖርት ታጠፈ። ሸምሲያ ፌስታሏን አቅፋ አላህን ትለምናለች። ማዳም ግን በመሄጃው ሳይሆን በእንግዳ መቀበያው በር ይዛት ገባች። ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። ትንሽ ቆይቶ ኢስራ ብቅ አለች፣ አዲስ አባያ ለብሳ፣ ሻንጣ እየጎተተች።

ለካ የማዳም እህት ሠራተኛ ስትፈልግ ኖሯል። ማዳምና ኢስራ ሸምሲያ አገር ቤት ስትደውል በቪዲዮ ይተዋወቃሉ፤ ያ ሸምሲያ ከፍላ ያስተማረቻት እንግሊዝኛ ለዚህ ጠቀማትና በስልክ ተስማምተው ቪዛው ተላከላት። ሁለት እህትማማች አንድ ሰፈር ቢኖሩ ምን ይከፋል ብላ ነው ማዳም። እውነቱን ለመናገር ክፋት የላትም። ኢስራም ብትሆን እህቴን ላሳርፋት ብላ ነው ትምህርቱን የተወችው። በማን ይፈረዳል? እኔ ግን ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

ልጆቹ «ሰርፕራይዝ» ብለው ጮኹ። ኢስራ ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ሸምሲያ እጇን አላነሳችም።

«በስንት ሰዓት ነው የሚመለሰው አውሮፕላን?» አለቻት።